ከሙንግዮንግ መተላለፊያ እስከ ዬቾን ሜዳ

በዓለም ወታደሮች ጨዋታ ከሚካሄዱት ውድድሮች ብዙዎቹ ከወታደር የዕለት ሙያ እምብዛም አይርቁም። ጠመንጃ ተኩስ፣ በጃንጥላ መውረድ፣ መሰናክል እየዘለሉ መሮጥ፣ በካርታና በኮምፓስ ጫካ ውስጥ መንገድ መፈለግ ዛሬም በየጦር ሰፈሩ የሥልጠና አካል ናቸው። የቀስት ውድድር ግን ከእነዚህ ይለያል። ደጋን ከሠራዊት ግምጃ ቤት ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ ደጋን የሚያነሣ ወታደር የሚያነሣው ለስፖርት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ኮሪያ በተደረገው ስድስተኛው የዓለም ወታደሮች ጨዋታ የቀስት ውድድሩ የተካሄደው በሰሜን ግዮንግሳንግ ክፍለ ሀገር፣ ዬቾን በተባለች ወረዳ ነበር። ወደዚያ ሜዳ የሚወስደው መንገድ ደጋን በጠመንጃ ከተረታበት ስፍራ አጠገብ ያለውን ተራራ አቋርጦ ያልፋል። ሜዳው ላይ የተሰለፉት ሰዎች ታሪክም እንግሊዝ አገር እስካለ አንድ ሆስፒታል፣ ከዚያም እስከ አንድ ኢትዮጵያዊ የክብር ዘበኛ መኮንን ይደርሳል።

ጨዋታውን የሚመራው ዓለም አቀፉ የወታደራዊ ስፖርት ምክር ቤት ነው፤ በፈረንሳይኛ ምሕጻረ ቃሉ ሲዝም ይባላል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1948 በፈረንሳይዋ የባሕር ዳር ከተማ በኒስ ሲሆን፣ መሥራቾቹ ቤልጅየም፣ ዴንማርክ፣ ፈረንሳይ፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድ ነበሩ። አምስቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ተወርረው የነበሩ አገሮች ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዱ ፈረንሳዊው ሻለቃ አንሪ ደብሩስ ሲሆን፣ ወታደራዊ ፔንታትሎን የሚባለውን ውድድርም የፈጠረው እርሱ ነው። ከአምስት አገሮች የተነሣው ማኅበር ዛሬ ከ130 በላይ አባላት አሉት፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በብራስልስ ነው፤ መሪ ቃሉም በስፖርት ወዳጅነትን ማጽናት የሚል ነው።

ምክር ቤቱ ለረጅም ጊዜ በየስፖርቱ የተለያዩ ሻምፒዮናዎችን ሲያካሂድ ቆይቶ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ያሰባሰበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ዓለም የታላቁን ጦርነት ማብቂያ 50ኛ ዓመት በሚያስብበት በዚያ ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ወታደሮች ጨዋታ በሮም ተደረገ። ቀጣዩን በ1999 የተቀበለችው ዛግሬብ ነበረች፤ ክሮኤሽያ ከራሷ ጦርነት ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ካታኒያ፣ ሃይደራባድና ሪዮ ዴ ጃኔሮ እየተቀባበሉ አዘጋጁት፤ በ2015ም ተራው የሙንግዮንግ ሆነ። ሙንግዮንግ በተራሮች መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ይህን የሚያህል ጨዋታ ልታስተናግድ የበቃችውም የኮሪያ ጦር ኃይሎች የስፖርት ክፍል ከ2013 ጀምሮ በዚያ ስለሰፈረ ነው።

ከሴኡል ወደ ሙንግዮንግ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እያቀና ሶቤክ ወደሚባለው የተራራ ሰንሰለት ይጠጋል፤ ዛሬ መኪናው በዋሻ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ መንገደኛው ከፍታውን ሳያውቀው ይሻገራል። በጆሴዎን ሥርወ መንግሥት ዘመን ግን ከደቡብ ወደ ዋና ከተማዋ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴውም ለመንግሥት ሹመት ፈተና የሚጓዘው ተማሪም፣ በእግሩ የሚወጣው ሴጄ የተባለውን የተራራ መተላለፊያ ነበር። ይህ ጥንታዊ መንገድ አሁን የተጠበቀ ፓርክ ሆኗል። አፈሩ ተደልድሎ ለእግረኛ ብቻ ተትቷል፤ ግራና ቀኙ ጫካ ነው፤ በየርቀቱም የድንጋይ ግንብ ያላቸው ሦስት በሮች ይገኛሉ። ከሦስቱ መካከለኛው በ1594፣ የቀሩት ሁለቱ በ1708 ነው የተሠሩት።

በሮቹ የተሠሩት ግን አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። በ1592 የጃፓን ጦር ቡሳን ላይ ወርዶ ወደ ሰሜን ሲገሰግስ ይህ ጠባብ መተላለፊያ በተከላካይ አልተያዘም ነበር። የኮሪያው ጄኔራል ሺን ሪፕ ጠላቱን በገደሉ አፍ ላይ ከመጠበቅ ይልቅ ፈረሰኞቹን እንደልብ የሚያንቀሳቅስበትን ሜዳ መረጠ፤ ከተራራው ባሻገር ቹንግጁ አጠገብ፣ ወንዝ ከጀርባው አድርጎ ተሰለፈ። የኮሪያ ወታደር በእጁ የሚይዘው ዋና የርቀት መሣሪያ ደጋን ነበር፤ ጃፓኖቹ ደግሞ በክብሪት ገመድ የሚተኮስ ጠመንጃ በብዛት ይዘው መጥተዋል። ሺን ሪፕ ተሸነፈ፤ እርሱም እዚያው ሞተ፤ ወደ ዋና ከተማዋ የሚወስደው መንገድም ተከፈተ። ስለ ጄኔራሉ ውሳኔ ኮሪያውያን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከዚያ ሽንፈት በኋላም ቢሆን ደጋን ቶሎ አልተጣለም፤ የጦር መኮንኖችን የሚመርጠው የመንግሥት ፈተና እ.ኤ.አ. በ1894 እስኪቀር ድረስ ዕጩዎቹ ቀስት እየወረወሩ ይፈተኑ ነበር። የቀስት ውድድርን ሊያይ ወደ ዬቾን የሚወርድ ተጓዥ ግማሽ ቀን ተርፎት ይህን የእግር መንገድ ቢሄድበት የሚቆጨው አይሆንም። መስከረም ሲጠባ በአካባቢው ኦሚጃ የምትባለው ቀይ ፍሬ ትለቀማለች፤ ተዘፍዝፋ የምትገኘው መጠጥም ጎምዛዛና ጣፋጭ ናት። የፖም ዛፎቹ ደግሞ ፍሬ ተሸክመው ቅርንጫፋቸው ወደ መሬት ይጎብጣል።

ጨዋታው የተከፈተው መስከረም 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ መስከረም 30 ተዘጋ። ከ110 በላይ አገሮች የመጡ ወታደሮች በ24 የስፖርት ዓይነቶች ተወዳድረዋል፤ ውድድሮቹም በሙንግዮንግ ብቻ ሳይወሰኑ በክፍለ ሀገሩ ስምንት ከተሞችና ወረዳዎች ተከፋፍለዋል። አዘጋጆቹ ለአሥር ቀን እንግዳ ብለው አዲስ የመኖሪያ ሰፈር አልገነቡም። ሙንግዮንግ ውስጥ በመኪና የሚጎተቱ ተንቀሳቃሽ ቤቶችን ደርድረው ስፖርተኞቹን አሳደሩ፤ በጎይሳንና በዮንግቾን ደግሞ የነበሩትን የጦር ትምህርት ቤቶች ማደሪያ ሰጡ። ለአንድ ጨዋታ ተብለው ተሠርተው ባዶ የቀሩ ሕንፃዎችን በየአገሩ ያየ ሰው ይህን ውሳኔ ያደንቃል። የታጠፈ አልጋና የጋራ መመገቢያ ለወታደር እንግዳ ነገር አይደለም።

ስፍራው ራሱ ከጦርነት ትዝታ የጸዳ አይደለም። በ1950 የበጋ ወራት የሰሜን ኮሪያ ጦር እስከ ናክዶንግ ወንዝ ድረስ ሲወርድ፣ የደቡቡና የተባበሩት መንግሥታት ጦር ያገደው በዚሁ ክፍለ ሀገር ምድር ላይ ነው። ከ65 ዓመት በኋላ የስፖርት ማረፊያ የሆነችው ዮንግቾን ያን ጊዜ ከባድ ውጊያ የተካሄደባት ከተማ ነበረች። ጦርነቱ በ1953 በተኩስ ማቆም ስምምነት ቆመ እንጂ በሰላም ውል አልተቋጨም። ሰሜን ኮሪያ የሲዝም አባል ብትሆንም በሙንግዮንግ አልተገኘችም።

ከተጋባዦቹ አገሮች ብዙዎቹ ቀድሞም በዚህች ምድር ላይ ወታደር ያሰለፉ ናቸው። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በ1943 ዓ.ም. ቡሳን ወደብ የደረሰው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃና እየተተኩ የተከተሉት በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ወታደሮች ሞተውባቸዋል፤ በጠላት እጅ የወደቀ ምርኮኛ ግን አልነበራቸውም። በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴም በኮሪያ ከዘመቱት አንዱ ነው። ከሴኡል ሰሜን ምሥራቅ በቹንቾን ከተማ፣ ከሐይቅ ዳር፣ የእነዚህ ወታደሮች ሐውልትና መታሰቢያ ቤት ቆሞ ይገኛል። ወደ ዬቾን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከመንገዱ መለስ ብሎ ቢጎበኘው የሚገባ ነው።

ዬቾን ከሙንግዮንግ በስተ ምሥራቅ የምትጎራበት የገበሬ ወረዳ ናት። የናክዶንግ ገባር ወንዞች ሜዳዋን ይቆራርጡታል፤ ህወዮንግፖ በተባለው ስፍራ ወንዙ አንድን መንደር ሊከበው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተጠምዝዞ ይዞራል፤ ነጭ አሸዋውና የበሰለው ሩዝ ከላይ ካለው ኮረብታ ጎልተው ይታያሉ። ይህች ወረዳ ከጥንት ጀምሮ የታወቀችው ግን በደጋን ሠሪዎቿ ነው። የኮሪያ ባህላዊ ደጋን ከቀርከሃ፣ ከእንጆሪ ዛፍ እንጨት፣ ከጎሽ ቀንድና ከከብት ጅማት የሚሠራ ሲሆን፣ ክፍሎቹ የሚጣበቁት ከዓሣ የአየር ከረጢት በሚቀቀል ሙጫ ነው። ሥራው ወራት ይፈጃል፤ ሙጫው ሙቀትና እርጥበት ስለማይወድ በቀዝቃዛው ወቅት ይዘጋጃል። አውታሩ ሲፈታ ደጋኑ ወደ ፊት ተጠቅልሎ ክብ ሊሆን ይቃረባል፤ ሲወጠር ግን በቁመቱ አጭር ሆኖ ሳለ ቀስቱን 145 ሜትር ርቆ ወደቆመው ባህላዊ ዒላማ ያደርሳል። ይህ ርቀት በኦሊምፒክ ከሚወረወርበት ከእጥፍ በላይ ነው።

በዚህች ወረዳ ያደገች ኪም ጂን ሆ የተባለች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 በምዕራብ በርሊን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አምስት ወርቅ አሸነፈች። ኮሪያ እስከዚያ ድረስ በዘመናዊው የቀስት ስፖርት ስሟ እምብዛም አይነሣም ነበር። በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ኪም ራሷ ነሐስ ስታገኝ ወርቁን ሌላዋ ኮሪያዊት ሶ ህያንግ ሱን ወሰደች። የሴቶች ቡድን ውድድር በኦሊምፒክ ከተጀመረበት ከ1988 እስከ 2024ቱ የፓሪስ ጨዋታ ድረስ ደግሞ ወርቁ ከኮሪያ እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ አሥር ጊዜ በተከታታይ ማለት ነው። ዬቾን ለልጇ የሰጠችው ክብር ዘላቂ ነው፤ ዓለም አቀፉን የቀስት ሜዳ በስሟ ጂንሆ ብላ ጠራችው። የወታደሮቹ ውድድር የተደረገው በዚሁ ሜዳ ነው።

ሜዳው ሲታይ ቀላል ነው። በአንድ ጫፍ ቀስተኞቹ የሚቆሙበት መስመር፣ በሌላው ጫፍ የዒላማዎቹ ተርታ፣ በመካከል የታጨደ ሣር። ሪከርቭ በሚባለው የኦሊምፒክ ደጋን ርቀቱ 70 ሜትር፣ የዒላማው ወረቀት ስፋት 122 ሳንቲ ሜትር ነው። ከነጭ ጀምሮ በጥቁር፣ በሰማያዊና በቀይ አልፎ መሐሉ ቢጫ ይሆናል፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመጨረሻው ክብ ስፋቱ 12.2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከመስመሩ ላይ ሆኖ በባዶ ዓይን ለሚያየው ቢጫው አንድ ነጠብጣብ ነው። ኮምፓውንድ በሚባለው፣ ጫፎቹ ላይ መዘውር ባለው ደጋን ደግሞ ርቀቱ 50 ሜትር ሆኖ ወረቀቱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይጠብባል።

የመጀመሪያው ቀን ደረጃ የሚወጣበት ነው። እያንዳንዱ ቀስተኛ 72 ቀስት ይወረውራል፤ ሙሉው ነጥብ 720 ነው። የምልክቱ ድምፅ ሁለት ጊዜ ሲጮህ ወደ መስመሩ ይወጣሉ፤ አንድ ጊዜ ሲጮህ መወርወር ይጀምራሉ፤ ሦስት ጊዜ ሲጮህ ያበቃል። የወንዶች ደጋን ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ጣቶቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከ20 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ስለዚህ በአንድ ዙር ብቻ ቀስተኛው በድምሩ ከአንድ ቶን በላይ በጀርባው ጡንቻ ይጎትታል። እጁ ሊንቀጠቀጥ በሚችልበት በዚያ ውጥረት ውስጥ ነው መርጋት የሚጠበቅበት። ደጋኑ ላይ ክሊከር የምትባል ስስ ብረት አለች፤ የቀስቱ ጫፍ ከሥሯ ሲያልፍ ቀጭ ትላለች፤ ቀስተኛው ድምፅዋን ሲሰማ ይለቃል። መቼ እንደሚለቅ ራሱ ከወሰነ ጡንቻው ቀድሞ ይደነግጣልና ውሳኔውን ለዚያች ብረት አሳልፎ ይሰጣታል። ቀስቱም ከአውታሩ ሲላቀቅ እንደ ዓሣ እየተወዛወዘ ይሄዳል፤ 70 ሜትሩን ለመጨረስ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ይበልጥ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ነፋስ ሊገፋው ስለሚችል ከየዒላማው በላይ ትንሽ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ልምድ ያለው ቀስተኛም ባንዲራዋን አይቶ ከቢጫው ወጣ አድርጎ ያነጣጥራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ ነው። በሪከርቭ ሁለት ተጋጣሚዎች በየዙሩ ሦስት ሦስት ቀስት እየተፈራረቁ ይለቃሉ፤ ለአንዷ ቀስት የሚሰጠው ጊዜ 20 ሰከንድ ነው። ዙሩን ያሸነፈ ሁለት ነጥብ፣ እኩል የወጡ አንድ አንድ ያገኛሉ፤ ቀድሞ ስድስት የሞላ ያልፋል። አምስት ለአምስት ከሆኑ እያንዳንዳቸው አንዲት የመጨረሻ ቀስት ይሰጣቸዋል፤ እኩል ነጥብ ካመጡም ለመሐሉ የቀረበው ያሸንፋል። በዚህ አሠራር አንድ መጥፎ ቀስት አንድ ዙር ታሳጣለች እንጂ ሙሉውን ግጥሚያ አታበላሽም። ለተመልካች ልብ የሚሰቅል ነው፤ ከቀስተኛው የሚጠይቀው ደግሞ የተበላሸውን ቶሎ መርሳት ነው።

ይሁንና ይህን ውድድር ለወታደሮች ልዩ የሚያደርገው ከመወርወሩ በኋላ የሚመጣው ነው። በትግል፣ በቦክስ፣ በእግር ኳስ አንዱ የሌላውን ጥረት ያከሽፋል። ቀስት ላይ ግን ተጋጣሚ ምንም ቢያደርግ የሌላውን ነጥብ መቀነስ አይችልም፤ መከላከል የሚባል ነገርም የለም። በደረጃ ማውጫው ዙር ደግሞ ቀስቶቹ ካለቁ በኋላ ተወዳዳሪዎቹ ደጋናቸውን አስቀምጠው 70 ሜትሩን አብረው ይሄዳሉ። በአንድ ዒላማ ላይ የወረወሩት፣ ምናልባት አገሮቻቸው የሚጠባበቁ ወታደሮች፣ ጎን ለጎን ቆመው የቀስቶቹን ነጥብ ይጠራሉ፤ ሌላው ይመሰክራል፤ ይጻፋል። ነጥቡ ሳይመዘገብ ቀስትም ሆነ ወረቀቱ አይነካም። ቀስቱ መስመር ነክቶ እንደሆነ ጥርጥር ከተነሣ ዳኛ ይጠራል፤ መስመሩን ከነካም ትልቁ ነጥብ ይያዝለታል። በመጨረሻም ወረቀቱን ይፈራረማሉ። ከዚያ ቀስታቸውን ነቅለው፣ እያወሩም ሆነ በዝምታ፣ ወደ መስመሩ ይመለሳሉ። ይህ ጉዞ በአንድ ቀን ተደጋግሞ የሚደረግ ነው። ሲዝም ወዳጅነት የሚለውን ዓላማ ከመክፈቻው ሰልፍና ከንግግሮቹ ይልቅ ይህ የሣር ላይ መንገድ ያሳያል፤ አንዱ ወታደር የሌላውን ውጤት አይቶ እውነቱን እንዲናገር ይጠበቅበታልና።

በመስመሩ ላይ የሚቆመው ወታደር ምን ዓይነት ወታደር ነው የሚለው ጥያቄ ከአገር አገር መልሱ ይለያያል። በጣሊያን የጦር ኃይሎቹ የራሳቸው የስፖርት ክፍሎች አሏቸው፤ በአቴንስ 2004 የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ማርኮ ጋሊያሶና ከእርሱ ጋር በለንደን 2012 የቡድን ወርቅ ያነሣው ማውሮ ኔስፖሊ ሁለቱም የአየር ኃይል ስፖርተኞች ናቸው። በዚያ የለንደን ፍጻሜ ጣሊያን አሜሪካን 219 ለ 218 በሆነ ውጤት ያሸነፈችው በመጨረሻዋ ቀስት ነው። ሕንድ ፑኔ ውስጥ በ2001 ባቋቋመችው የጦር ሠራዊት የስፖርት ተቋም ቀስተኞችን ታሠለጥናለች፤ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ስመ ጥር ቀስተኛ የነበረው ታሩንዲፕ ራይ የሠራዊቱ አባል ነው። እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸውን ከሠራዊት የሚቀበሉ፣ ሥራቸው ግን ስፖርት የሆነ ወታደሮች ናቸው።

የኮሪያ ነገር ከሁሉም ይለያል፤ ትኩረት የሚገባውም ነው። እዚያ ጤነኛ ወንድ ሁሉ የግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት አለበት፤ በ2015 የምድር ጦር አገልግሎት 21 ወር ነበር። ስፖርተኞች ይህን ጊዜ ሙያቸውን ሳይተዉ እንዲያሳልፉ በ1984 የተቋቋመው የጦሩ የስፖርት ክፍል ይቀበላቸዋል። ነገር ግን ሕጉ በኦሊምፒክ ማንኛውንም ሜዳልያ፣ ወይም በእስያ ጨዋታ ወርቅ ያገኘን ወንድ ከመደበኛው አገልግሎት ያሰናብተዋል፤ የጥቂት ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና ወስዶ በስፖርቱ ይቀጥላል። በቀስት ኮሪያ ሜዳልያ የማታጣ አገር በመሆኗ ከምርጦቿ ብዙዎቹ የደንብ ልብስ ሳይለብሱ ያልፋሉ። ስለዚህ በወታደሮች ጨዋታ አገሩን የሚወክለው ወጣት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ደጃፍ በጥቂት ነጥብ የቀረ ሰው ነው። በዓለም ከየትኛውም አገር ይልቅ ጠንካራ በሆነው የአገር ውስጥ ምርጫ ተሸንፎ፣ በሌላ አገር ቢሆን ግን አንደኛ ሊሆን የሚችል። የእርሱ መኖር ለውድድሩ ክብር ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። በሌላ በኩል የኮሪያ ብሔራዊ ቡድን ለኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ጫጫታን እንዲለምድ ጦር ሰፈር ሄዶ ወታደሮች እየጮኹ እንደሚለማመድ የታወቀ ነው፤ ሠራዊቱና ስፖርቱ በብዙ ክር የተሳሰሩ ናቸው።

በ2015ቱ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ አንድ ነገር አለ። በጦርነት ወይም በግዳጅ ላይ ሳሉ አካላቸው የጎደለ ወታደሮች በሁለት ስፖርቶች እንዲወዳደሩ ተፈቀደ፤ አንዱ አትሌቲክስ፣ ሌላው ቀስት ነበር። ቀስት የተመረጠው በአጋጣሚ አይመስልም፤ ፓራሊምፒክ ራሱ የተወለደው ከደጋን ጋር ነውና። ሲዝም በኒስ በተመሠረተበት በዚያው በ1948፣ ጁላይ 29 ቀን፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በእንግሊዟ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን የቀስት ውድድር አዘጋጀ። ጉትማን ከናዚ ጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበር፤ የተወዳደሩትም አከርካሪያቸው የተጎዳ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ 16 የቀድሞ ወታደሮች፣ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ወገቡ የተሰበረ ሰው ብዙ እንደማይኖር ይታሰብ ነበር። ጉትማን ግን ሕሙማኑን ከአልጋ አስነሥቶ ማሠራት መድኃኒት መሆኑን ያምን ነበር። ደጋን መሳብ የትከሻን፣ የክንድንና የጀርባን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። ከዚያች ትንሽ ውድድር የተነሣው ጉባኤ እያደገ ሄዶ የዛሬው ፓራሊምፒክ ሆነ።

እዚህ ላይ ሻምበል አበበ ቢቂላ ይነሣል። በሮም 1960 በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ 1964 ደግሞ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። መጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና የተላከው ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንደቪል ነው። እግሮቹ ዓለምን ያስደነቁለት ሰው እዚያ ደጋን አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በክብር እንግድነት ተጠርቶ ሳለ እርሱ ግን ወደ ውድድሩ ገባ፤ በቀስትም ተሳተፈ፤ በውሾች በሚሳብ የበረዶ መንሸራተቻ ሩጫም አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። በኢትዮጵያ ስለ አበበ ሲወሳ የሮም ባዶ እግሩ ሁሉን ይሸፍነዋል፤ ደጋን የያዘው አበበ ግን ያንሳል የሚባል አይደለም። ወታደር፣ ስፖርተኛ፣ አካል ጉዳተኛና ቀስተኛ የሆነ ሰው ከ2015 በፊት 45 ዓመት ቀድሞ በዚያ መስመር ላይ ነበር።

ቀስት ለተጎዳ አካል የሚመቸው በአሠራሩ ነው። ርቀቱና ዒላማው ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለወጠው አያያዙ ብቻ ነው። እግር የሌለው በሰው ሠራሽ እግር ቆሞ ወይም በወንበር ተቀምጦ ይወረውራል። አንድ እጅ ያጣ ሰው አውታሩ ላይ የታሰረ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ቆዳ በጥርሱ ነክሶ ይስባል። ኮምፓውንድ ደጋን መዘውሮቹ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ክብደቱን ስለሚያቀልሉለት አቅሙ ለተወሰነ ሰው ጊዜ ይሰጠዋል። በሣሩ ላይ ወንበሩን መግፋት ለሚያቅተው ወኪል ሄዶ ነጥቡን እንዲያስመዘግብለትና ቀስቱን እንዲያመጣለት ደንቡ ይፈቅዳል። እንግሊዝ ውስጥ በ2014 የተጀመረው የቆሰሉ ወታደሮች ጨዋታ፣ ኢንቪክተስ፣ ቀስትን ከመነሻው ያካተተው በዚሁ ምክንያት ነው። በዬቾን ግን የተጎዱት ለብቻቸው በተዘጋጀ ጨዋታ ሳይሆን ጤነኞቹ ጓዶቻቸው በሚወዳደሩበት ጉባኤ ውስጥ ተገኝተዋል። አንድ ሠራዊት በጉልበታሙ አባሉ መኩራት አይከብደውም፤ አገሩን ሲያገለግል እጁን ወይም እግሩን ያጣውን ከዚያው ሰልፍ ማሰለፍ ግን ዕዳን ማወቅ ነው። ምክር ቤቱ ይህን ከ1948 ጀምሮ አስቦት ቢሆን መልካም ነበር፤ 67 ዓመት ረጅም ጊዜ ነው።

የሜዳልያ ሥነ ሥርዓቱ እንደ ማንኛውም ውድድር ቢሆንም፣ መዝሙሩ ሲሰማና ባንዲራው ሲወጣ አሸናፊዎቹ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣሉ። በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ሩሲያ አንደኛ ሆና ስታጠናቅቅ፣ አስተናጋጇ ኮሪያ አራተኛ ወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2019፣ ጨዋታው በቻይናዋ ዉሃን በ27 የስፖርት ዓይነቶች ሲደረግ ቀስትም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

ዬቾን ከወታደሮቹ በኋላም ሜዳዋን አላሳረፈችም። በሜይ 2024 የዓለም የቀስት ዋንጫ ሁለተኛ ውድድር እዚያው ተካሂዷል፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ ሙንግዮንግ ድረስ የሚደርስ ፈጣን የባቡር መስመር ተከፈተ። ከሴኡል አካባቢ ተነሥቶ በባቡር ሙንግዮንግ የሚወርድ ተጓዥ ጠዋት ሴጄን በእግሩ ወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ በአካባቢ አውቶቡስ ወደ ዬቾን ሊሻገር ይችላል። ሜዳው ውድድር በሌለበት ቀንም የሚለማመዱ የትምህርት ቤት ልጆች አያጡትም።